በእጄ የሠራሁት የዓሣ ማባበያ ይገለበጥብኛል፤ ምን ላድርግ?

ሰላም ለሁላችሁ። ከእንጨት የዓሣ ማባበያ መሥራት ከጀመርኩ ሦስት ወር ሆኖኛል። አሁን ግን አንድ ነገር አስቸግሮኛል፣ እባካችሁ እርዱኝ።

የምሠራው ትንሽ ዓሣ የሚመስል፣ 8 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ነው። እንጨቱ ባልሳ የሚባለው ቀላል ዓይነት ነው፤ በቢላ ሲቀርጹት ደስ ይላል። ከአገጩ ሥር ቀጭን ፕላስቲክ ሰክቼበታለሁ። ውሃው እሱን ሲገፋው ነው የሚጠልቀውና የሚወዛወዘው። ሆዱን በስቼ ክብደት እንዲሆነው 3 ግራም የእርሳስ ብረት ከተትኩና ኢፖክሲ በሚባለው ጠንካራ ማጣበቂያ ደፈንኩት።

ክሩን ቀስ ብዬ ስጠቀልል ነፍስ የዘራ ይመስላል። ጭራውን ግራና ቀኝ እያወዛወዘ ይመጣል። ትንሽ ፈጠን ሳደርግ ግን በጎኑ ይተኛል፤ ከዚያ እየተሽከረከረ ውሃው ላይ ይወጣል። ሁልጊዜ በግራ በኩል ነው።

ክሩ የሚታሰርበትን የሽቦ ቀለበት በፒንሳ ወደ ቀኝ ትንሽ አጠፍኩት። ተሻለው እንጂ አልዳነም። ፕላስቲኩም ከፊት ሲያዩት ቀጥ ያለ ነው። በጣም ሰፍቶ ይሆን? ወይስ እርሳሱን ከዚህም በላይ ወደ ሆዱ ዝቅ ማድረግ ነበረብኝ? እንደገና ብበሳው ቀለሙ ይበላሻል። የዓሣ ቅርፊት የሚመስለውን መልክ በመረብ ጨርቅ ላይ ቀለም እየረጨሁ ለማውጣት ሁለት ማታ ፈጅቶብኛል፤ አንጀቴ አልቆርጥ አለ።

ሞክራችሁት የምታውቁ፣ መጀመሪያ የቱን ልንካ? ቀለም ከመቀባታችሁ በፊት ሚዛኑን እንዴት እንደምትፈትሹም ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል። ሁለተኛውን መቅረጽ ጀምሬያለሁ፣ ሆዱን ግን ገና አልበሳሁትም።