ጃንሆይ ኮሪያ ድረስ ጦር የላኩት ለምን ነበር?

የፒያሳ ልጅ፦ ትናንት አፍንጮ በር፣ የኮሪያ ዘማቾች ሐውልት ጋ ቆሜ ነበር። አያቴ ኮሪያ በዘመተው በቃኘው ሻለቃ ውስጥ ነበሩ። ትከሻቸው ላይ ጠባሳ ነበራቸው። ታሪኩን ሳልጠይቃቸው አረፉ። ያን ያህል ሩቅ አገር ምን አገባን?

አራት ኪሎ፦ ነፍስ ይማር። መልሱ ያለው ጄኔቫ ነው። በ1928 ጣሊያን ሲወረን ጃንሆይ እዚያ ለነበረው የመንግሥታት ማኅበር አቤት ብለው ሰሚ አጡ። ደቡብ ኮሪያ በኮሚኒስቷ ሰሜን ኮሪያ ስትወረር ዝም ቢሉ የራሳቸውን አቤቱታ መካድ ነበር። በ1943 የመጀመሪያው ሻለቃ ከጅቡቲ በመርከብ ሄደ።

ሰሜን ሆቴል፦ ከዘማቾቻችን 121 ሞቱ፣ 536 ቆሰሉ። የተማረከ አንድም የለም! ደርግ ግን ራሱ ኮሚኒስት ነበር፤ በሱ ጊዜ ኮሚኒስቶችን ወግተዋል ተብለው አንገታቸውን ደፍተው ኖሩ። ይሄ እስካሁን ያንገበግበኛል።

የፒያሳ ልጅ፦ አያቴ ዝም ያሉት ለዚህ ይሆን? ዛሬ ማታ እናቴን እጠይቃታለሁ።