ድፍድፍ ነዳጅ «ሰማይ ይነካል» የሚሉ ትንበያዎች ምን ያህል ይታመናሉ?

ጥያቄ፦ የጭነት ሒሳብ (አዳማ)

ከጅቡቲ ወደ መሀል አገር ዕቃ ለሚያመላልሱ ባለንብረቶች ማኅበር የቀጣዩን ዓመት በጀት በማዘጋጀት ላይ እገኛለሁ። ከወጪያችን ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ናፍጣ ነው። የቦርዱ ሰብሳቢ፣ የአንድ ትልቅ ባንክ ተንታኞች የድፍድፍ ነዳጅ ዋጋ በእጥፍ ይጨምራል ማለታቸውን ሰምተው፣ ታሪፉን ከወዲሁ ከፍ አድርገን እንድንዋዋል አሳስበዋል። እኔ ግን በዚያ ዋጋ ተጫርተን ሥራው ለሌላ ማኅበር እንዳያልፍ እሰጋለሁ። እንዲህ ያሉ ትንበያዎች ከዚህ ቀደም ምን ያህል እንደሠመሩ የምታውቁ ብታስረዱኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

መልስ፦ ገበያ ተመልካች

ጤና ይስጥልኝ። እ.ኤ.አ. በሜይ 2008 የአሜሪካው ባንክ የጎልድማን ሳክስ ተንታኞች በርሜሉ በሁለት ዓመት ጊዜ ውስጥ ከ150 እስከ 200 ዶላር ሊደርስ እንደሚችል ጻፉ፤ በቀጣዩ ወር የሩሲያው ጋዝ ኩባንያ የጋዝፕሮም ኃላፊ አሌክሲ ሚለር 250 ዶላር አሉ። ዋጋው በጁላይ 147 ዶላር ሲነካ ሁለቱም ነቢይ መስለው ነበር፤ ዓመቱ ሳያልቅ ግን ከ40 ዶላር በታች ወረደ።

ከዚያ በፊት በ2005 የሂዩስተኑ የኢነርጂ ባንክ ባለሙያ ማቲው ሲመንስ፣ የ2010 አማካይ ዋጋ 200 ዶላር ይሆናል ብሎ ከጋዜጠኛው ጆን ቲየርኒ ጋር በአምስት አምስት ሺህ ዶላር ተወራርዶ ነበር። የዚያ ዓመት አማካይ ወደ 80 ዶላር ገደማ ሆኖ ሲመንስ ተረታ። በገዛ ገንዘቡ መወራረዱን ግን አከብርለታለሁ፤ አብዛኞቹ ተንታኞች ሲሳሳቱ ከኪሳቸው ሰባራ ሳንቲም አይወጣም።

ስህተቱ የሚመጣው ዋጋ ሲወደድ ሰው እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል ብሎ ከማሰብ ነው። በ2008 በቀን 5 ሚሊዮን በርሜል ያህል ያመርት የነበረው የአሜሪካ ኢንዱስትሪ፣ ዋጋው ውድ በነበረባቸው ዓመታት ከአለት ንጣፍ ውስጥ ነዳጅ የሚያወጣበትን ዘዴ አስፋፍቶ በ2019 ከ12 ሚሊዮን በላይ አደረሰው።

መልስ፦ አራት ኪሎ

ከላይ የተባለው እውነት ቢሆንም ወገኑ አንድ ብቻ ነው። የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ባልደረባ የነበሩት ጄምስ ኤኪንስ እ.ኤ.አ. በ1973 መጀመሪያ አካባቢ የነዳጅ ችግር እየመጣ መሆኑን በጽሑፍ ሲያስጠነቅቁ ብዙዎች አጋነኑ ብለዋቸው ነበር። በዚያው ዓመት ኦክቶበር የዓረብ አገሮች ማዕቀብ ጣሉ፤ 3 ዶላር ገደማ የነበረው በርሜል በጥቂት ወራት ወደ 12 ዶላር ተጠጋ። የካቲት 1966 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የታክሲ ነጂዎች በቤንዚን ዋጋ ጭማሪ ምክንያት ሥራ ሲያቆሙ አገሪቱ ወዴት እንደሄደች ሁላችንም እናውቃለን። ይረክሳል ባዮችም ቢሆኑ አልተሻሉም፤ እ.ኤ.አ. በ1999 መጀመሪያ ዘ ኢኮኖሚስት መጽሔት 5 ዶላር ሊደርስ ይችላል ባለ በወራት ውስጥ ዋጋው ከእጥፍ በላይ አደገ።

ስለዚህ ከቁጥሩ ይልቅ «ከሆነ» የሚለውን ቃል ፈልጉ። በ2022 የአሜሪካው ባንክ ጄፒ ሞርጋን 380 ዶላር ያለው ሩሲያ በቀን 5 ሚሊዮን በርሜል ብትቀንስ ብሎ ነበር። ዜናው ቁጥሩን ይዞ ሁኔታውን ጣለው። ሩሲያም አልቀነሰችም፤ የዓለም ገበያ መለኪያ የሆነው ብሬንት ድፍድፍ ዓመቱን የጨረሰው ከ90 ዶላር በታች ነው።

ጠያቂው፦ የጭነት ሒሳብ

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ዘገባውን መልሼ ባየው ትንበያው በእርግጥ የባሕረ ሰላጤው ጭነት ለወራት ከተቋረጠ በሚል ግምት ላይ የቆመ ነው። ይህን ለሰብሳቢው ባስረዳም «ቢሆንስ?» ማለታቸው አይቀርም።

መልስ፦ የቀድሞ የነዳጅ ግዢ ባለሙያ

ጥያቄያቸው ተገቢ ነው፤ ሆኖም እናንተን የሚመለከተው የድፍድፉ ዋጋ ብቻ አይደለም። የአሰብ ማጣሪያ ከቀረ ወዲህ አገራችን የምትገዛው የተጣራ ምርት ነው፤ በ2022 እንደታየው ደግሞ ናፍጣ ከድፍድፉ ተነጥሎ ሊወደድ ይችላል። የምንዛሪው ነገርም አለ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ በዚያ ወቅት ብሬንት በ80 ዶላር አካባቢ ነበር። የትኛውም የነዳጅ ትንበያ ይህን አይነግራችሁም። በዚህ ሁሉ ላይ የማደያውን ዋጋ የሚወስነው መንግሥት ነው።

ስለዚህ ታሪፉን በዛሬው ናፍጣ አስሉና በውሉ ውስጥ የዋጋ ማስተካከያ አንቀጽ አስገቡ። መነሻው በፊርማው ቀን በሥራ ላይ ያለው የናፍጣ መሸጫ ዋጋ ይሁን፤ ለውጡ ከአምስት በመቶ ሲያልፍ ታሪፉ በናፍጣ ድርሻ ልክ ይስተካከል። ናፍጣ የወጪያችሁ 40 በመቶ ቢሆንና ዋጋው 20 በመቶ ቢጨምር፣ ታሪፉ በ8 በመቶ ከፍ ይላል ማለት ነው። አንቀጹ ወደ ታችም እንዲሠራ አድርጉ፤ የማደያ ዋጋ ሲወርድ ማየት ብርቅ ቢሆንብንም፣ ደንበኛ ይህን በጽሑፍ ካላየ አይፈርምም።