የእናቴ የመጨበጥ ጉልበት 14 ኪሎ ነው ተባለ፤ ምን ማለት ነው?

ጠያቂዋ፦
ጤና ይስጥልኝ። እናቴ 68 ዓመቷ ነው። የቀኝ አውራ ጣቷ ሥር ስለሚያማት ኦኩፔሽናል ቴራፒ (የዕለት ተዕለት ሥራን ለመሥራት የሚያግዝ ሕክምና) ተላከች፤ እኔም አብሬያት ገባሁ። ቴራፒስቷ እጀታ ያለው መሣሪያ ሰጠቻትና «ባለዎት ጉልበት ሁሉ ይጭበጡት» አለቻት። በሁለቱም እጅ ሦስት ሦስት ጊዜ ጨበጠች። አማካዩ ቀኙ 14 ኪሎ፣ ግራው 13 ኪሎ ተኩል ሆነ።

አሁን ስለ ጣቷ ትነግረናለች ብዬ ስጠብቅ ሌላ ጥያቄ አመጣች። በዚህ ዓመት ወድቀው ያውቃሉ? ክብደት ቀንሰዋል? ከወንበር ሲነሱ በእጅዎ ይደገፋሉ? መጨረሻ ላይ «የጣት ጉዳይ ብቻ አይመስለኝም፤ ሐኪም ጠቅላላ ምርመራ ያድርግልዎት» ብላ ደብዳቤ ጻፈችልን።

ቤት ገብቼ ሳነብ የመጨበጥ ጉልበት የሰውን ዕድሜ ይተነብያል የሚል ነገር አገኘሁ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አጣሁ። እማዬ ደግሞ «ጣቴን ላሳይ ሄጄ ስለ ወንበር ትጠይቀኛለች» እያለች ትገረማለች። 14 ኪሎ በጣም መጥፎ ነው? የሚጨበጥ ኳስ ልግዛላት? የምታውቁ እባካችሁ መልሱልኝ።

የእጅ ቴራፒስት፦
እህቴ፣ መጀመሪያ ተረጋጊ። ቴራፒስቷ ጥሩ አድርጋ ነው ያየቻቸው።

መሣሪያው ዳይናሞሜትር ይባላል። ስንጨብጥ እጅ ብቻውን አይሠራም። አንጎል ያዛል፣ ነርቭ ያደርሳል፣ ከክርን በታች ያሉት ጡንቻዎች ይጎትታሉ። ደግሞ ሰውነት ጡንቻ ሲያጣ ከእጅ ብቻ አያጣም፤ ጭኑም፣ ጀርባውም አብሮ ይሳሳል። የጭን ጉልበትን በትክክል መለካት ትልቅ ማሽን ይፈልጋል። እጅን ግን ቁጭ ብሎ በጥቂት ደቂቃ መለካት ይቻላል። ስለ ወንበር የጠየቀቻቸው ለዚህ ነው።

ወደ ቁጥሩ ስንመጣ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመው የአውሮፓ የባለሙያዎች መመሪያ ለሴት ከ16 ኪሎ፣ ለወንድ ከ27 ኪሎ በታች የሆነን ጉልበት «ሳርኮፔኒያ ሊኖር ይችላል» ብሎ ይወስደዋል። ሳርኮፔኒያ የጡንቻ መሳሳትና መድከም ነው። የእናትሽ 14 እዚያ ውስጥ ይገባል። «ሊኖር ይችላል» የሚለውን ግን አጥብቀሽ ያዢ፤ ሌላ ምርመራ ያስፈልጋል ማለት እንጂ አለባቸው ማለት አይደለም።

ያስፈራሽ ነገር ምናልባት እ.ኤ.አ. በ2015 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣው ጥናት ይሆናል። በ17 አገሮች ወደ 140,000 ሰው ተለክቶ ለአራት ዓመት ያህል ክትትል ተደረገ። ጉልበቱ በ5 ኪሎ ባነሰ ቁጥር የመሞት አደጋው 16 በመቶ ያህል ከፍ ብሎ ታየ። የላይኛው የደም ግፊት ቁጥር እንኳ ይህን ያህል አልጠቆመም። ይህ ግን የብዙ ሰው አማካይ ነው፤ ስለ እናትሽ የተነገረ ትንቢት አይደለም። የደከመ እጅ ማንንም አይገድልም። ከኋላው ያለውን ነገር ፈልጉ የሚል ምልክት ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ሲጨብጡ አሟቸው ነበር?

ሩማቶይድ (የመገጣጠሚያ ቁጣ በሽታ) ያለባት፦
የመጨረሻዋ ጥያቄ ትልቅ ናት። እኔ የመገጣጠሚያ ቁጣ ሲነሳብኝ ቁጥሬ በግማሽ ይወርዳል። ጡንቻዬ በአንድ ሳምንት ጠፍቶ አይደለም፤ ሲያም እጅ ራሱ ይለቃል። ጠዋት ጣቶቼ ደርቀው ስነሳና ከሰዓት በኋላ ስለካም አንድ አይደለም። ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው አቀማመጥ ይለኳት። ቁጭ ብላ፣ ክንዷ ጎኗ ጋ፣ ክርኗ በ90 ዲግሪ ታጥፎ። መሣሪያው አምስት የእጀታ ርቀት አለው፤ ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ላይ ነው የሚለካው። የትኛው ላይ እንደነበረ ይጻፍልሽ። አለዚያ ሁለቱን ቁጥር ማወዳደር ዋጋ የለውም።

የጂም ሰው፦
ኳሱን ግዢላት! በቀን መቶ ጊዜ ትጭበጥ፤ በሁለት ወር 20 ትገባለች።

የእጅ ቴራፒስት፦
ወንድሜ፣ በቅንነት እንዳልከው አውቃለሁ፤ ግን እዚህ ላይ አልስማማም። የሚያማቸው የአውራ ጣታቸው ሥር ነው። በጣት ጫፍ አንድ ኪሎ ብትቆነጥጥ፣ ያ መገጣጠሚያ ላይ የሚያርፈው ጫና 12 ኪሎ አካባቢ ነው። የተቆጣ መገጣጠሚያ ላይ መቶ ጊዜ ኳስ መጭመቅ ሕመሙን ያባብሰዋል።

ሕመም ባይኖርም እንኳ የእጅ ጉልበት እንደ ቴርሞሜትር መለኪያ ነው፤ ቴርሞሜትሩን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ብንነክረው ትኩሳቱ አይወርድም። መጠንከር ያለበት መላ ሰውነት ነው፤ በተለይ እግር።

አባቱን የሚያስታምም፦
የኔ ታሪክ ይጠቅምሽ ይሆናል። አባቴ 74 ዓመቱ ነው። እጁ 20 ኪሎ ሆኖ ተገኘ። እኛ «እርጅና ነው» ብለን ትተነው ነበር። ኦኩፔሽናል ቴራፒስቱ ግን ቤት ድረስ መጥቶ ሲበላ አየው። አባቴ ጠንከር ያለውን ሁሉ ወደ ሳህኑ ጠርዝ እየገፋ ለስላሳውን ብቻ ነበር የሚበላው። ለካ ሰው ሠራሽ ጥርሱ ድዱን እየላጠው ነው! ወራት ሙሉ ለማንም አልተናገረም። ፕሮቲን የሚባል ነገር ወደ ሆዱ አይገባም ነበር፤ 6 ኪሎ ቀንሷል።

ጥርሱ ተስተካከለ፣ ፊዚዮቴራፒስት የእግርና የጀርባ እንቅስቃሴ ሰጠው። ከአምስት ወር በኋላ እጁ 26 ገባ። ኳስ የሚባል ነገር አልነካም። እባክሽ እህቴ፣ ስትበላ ጎኗ ተቀምጠሽ እያት።

ጠያቂዋ፦
እግዚአብሔር ይስጣችሁ። አዎ፣ በቀኝ እጇ ስትጨብጥ ፊቷ ተጨማዶ ነበር። ግራው ግን አላመማትም፤ እሱም ዝቅተኛ ነው። ክብደቷን መዘንኩ፤ ካለፈው ዓመት 5 ኪሎ ቀንሳለች። ቀሚሷን በስፌት ስታጠብብ «ሰፋብኝ» ትል ነበር፤ እኔ ጨርቁ ነው ብዬ አልፌያለሁ።

የእጅ ቴራፒስት፦
ያላመማቸው ግራ እጅም ዝቅ ማለቱና የክብደቱ ነገር አንድ ላይ ሲታዩ፣ ደብዳቤው ተገቢ ነበር። ክብደቱን ለሐኪሙ መጀመሪያ ንገሪው። የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ይዘሽ ሂጂ። ጣቶቻቸው በሌሊት ይደነዝዙ እንደሆነም ጠይቂያቸው፤ ነርቭ ተጨምቆ ከሆነ ሕክምናው ሌላ ነው።

እስከዚያ አንድ ነገር መሞከር ትችያለሽ። ጠንካራ ወንበር ግድግዳ አስደግፊ። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው አምስት ጊዜ ተነስተው ይቀመጡ፤ አንቺ አጠገባቸው ቁሚ። ከ15 ሰከንድ በላይ ከፈጀ እግራቸውም ደክሟል ማለት ነው። ጉልበታቸውን ካመማቸው ወይም ካዞራቸው ተዉት።

ለጣቱ ደግሞ ክዳን በጎማ ጨርቅ ይክፈቱ፣ የማንኪያና የቢላ እጀታ ይወፍር። በጣት ጫፍ ከማንሳት በሁለት መዳፍ ያንሱ።

ነርስ፦
ለሚያነቡ ሁሉ አንድ ነገር ልጨምር። ይህ ሁሉ ቀስ ብሎ ስለሚመጣ ድካም ነው። አንድ እጅ በድንገት ከዛለ፣ ፊት ከተጣመመ ወይም ንግግር ከተወላገደ ስትሮክ ሊሆን ስለሚችል ቀጠሮ አይጠበቅም፤ ወዲያው ድንገተኛ ክፍል!

ጠያቂዋ፦
ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ። ወንበሩን በዚያው ቀን ሞከርነው። ሁለት ጊዜ በደንብ ተነሳች። ሦስተኛው ላይ እጇ ሳታስበው ተፈትቶ ወደ ወንበሩ ክንድ ሄደ። ጨርሳ ስትቀመጥ ሰዓቱ 19 ሰከንድ ይላል። እማዬ ያን ጊዜ ነው «ለካ ለዚህ ነው የጠየቀችኝ» ያለችው።

ሐኪሙ የደም ምርመራ አዘዘ፤ ውጤቱን እየጠበቅን ነው። ስትበላም ጎኗ ተቀምጬ አየሁ። ጥርሷ ደህና ነው። ግን ብቻዋን ስትሆን ምሳ እንደምትዘል ደረስኩበት። «ለአንድ ሰው ብዬ እሳት አልጭርም» ትላለች። አሁን ምሳ ሰዓት ላይ እየሄድኩ አብሬያት እበላለሁ።

ፊዚዮቴራፒስቷ ጠዋትና ማታ ከወንበር መነሳትን ሰጥታታለች፤ ከሦስት ወር በኋላ እጇ እንደገና ይለካል። ትናንት ማታ የማላያት መስሏት ሳትደገፍ አራት ጊዜ ተነሳች። በሩ ጋ ቆሜ ቆጠርኩላት።