የማይደርስ ሯጭ፦ የዜኖን ግማሽ መንገድ በጎዶት ጌም ማድረግ

ግማሽ_መንገድ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የጥንቱ ግሪክ ፈላስፋ ዜኖ «ለመድረስ መጀመሪያ ግማሹን፣ ከዚያ የቀረውን ግማሽ፣ ከዚያም እንደገና የቀረውን ግማሽ መሄድ አለብህ» ያለውን በሁለት ደቂቃ የሚያልቅ ጌም ላደርገው ነው። በጎዶት 4 (የጌም መሥሪያ ሶፍትዌር)። ሯጩ ከ0 ይነሣል፣ የፍጻሜው መስመር 100ኛው ፒክስል ላይ ነው፣ ስፔስ ባር በተነካ ቁጥር የቀረውን ግማሽ ይሄዳል። ግን 7 ጊዜ ሲነካ መስመሩ ላይ የደረሰ ይመስላል፤ 25 ጊዜ ሲነካ ደግሞ ኮዱ ራሱ «ደርሷል» ይላል። የማጠጋጊያ ትእዛዝ የትም የለም። ሐሳቡንስ ያለ ረጅም ጽሑፍ እንዴት ላስተላልፍ?

ቢት32፦
7ኛው የስክሪን ጉዳይ ነው። 100 ሰባት ጊዜ በግማሽ ሲቀነስ 0.78 ይቀራል፤ ከአንድ ፒክስል በታች ስለሆነ አይታይም። 25ኛው የቁጥር ጉዳይ ነው። ጎዶት ተራውን የአስርዮሽ ቁጥር በ64 ቢት ቢይዝም ቬክተር2 (የሯጩን ቦታ በሁለት ቁጥር የሚይዘው) ውስጥ የሚገባው በ32 ቢት ነው። እዚያ 100 አጠገብ በሁለት ተከታታይ ቁጥሮች መካከል ያለው ክፍተት 1/131072 ነው፤ ርቀቱ ከዚያ ሲያንስ ድምሩ ተጠጋግቶ 100 ላይ ያርፋል። በ64 ቢት ብትይዘውም 54 ገደማ ላይ ያው መድረሱ አይቀርም።

ቦታውን ማስላት ተው። ስንት ጊዜ እንደተነካ ብቻ በሙሉ ቁጥር ያዝ። ሯጩ ሁልጊዜ ከስክሪኑ ግራ ተነሥቶ እስከ መሃል ይሂድ፤ ከዚያ ዳራውን መስመሩን ማዕከል አድርገህ በ0.4 ሰከንድ ሁለት እጥፍ አሳድገው፣ ሯጩም አብሮ ወደ ግራ ይንሸራተት፣ ሲያበቃ ሁሉንም ወደ መነሻው መልስ። ዳራው ላይ ያሉት ምልክቶች ከመስመሩ በ1/2፣ 1/4፣ 1/8፣ 1/16 ርቀት ላይ ይሁኑ፤ ቁመታቸውም ውፍረታቸውም በዚያው ልክ ይቀንስ። ያኔ ቅያሬው አይታወቅም። የፍጻሜውን መስመር ግን ከዳራው ውጪ ለብቻው ሣለው፣ አለዚያ በየዙሩ ወፍሮ መልሶ ይቀጥናል።

የቀረውን ርቀት በሜትር የምታሳይ ከሆነ ሦስት የአስርዮሽ ቤት አይበቃም፤ 18ኛው ላይ «0.000» ይላል፣ ጌሙም እዚያው ሞተ። መለኪያውን ቀያይር። ከ100 ሜትር ከተነሣህ 40ኛው ላይ የቀረው ከሃይድሮጅን አተም ስፋት ያንሳል፤ እሱን መጻፍ ያምራል።

ሊቀ_ጥያቄ፦
የቢት32 ኮድ ይሠራል፣ ግን የዜኖን ክርክር አይደለም የሚናገረው። እያንዳንዱ እርምጃ እኩል ጊዜ ከወሰደ አለመድረሱ ማንን ያስገርማል? እሾሁ ያለው ሯጩ ዓይናችን እያየ መድረሱ ላይ ነው። አርስቶትልም የመለሰው ርቀቱ የሚከፋፈለውን ያህል ጊዜውም ይከፋፈላል ብሎ ነው።

ስለዚህ ሯጩ ሳይቆም በእኩል ፍጥነት ይሂድ፤ የተጫዋቹ ሥራ በየግማሹ ምልክት ላይ ቁልፉን መንካት ይሁን። የመጀመሪያው እርምጃ 8 ሰከንድ፣ ከዚያ 4፣ 2፣ 1፣ 0.5... ድምሩ 16 ሰከንድ። 7ኛው እርምጃ 1/8 ሰከንድ ነው፤ ብዙ እጅ እዚያ ይደናበራል። 10ኛው 1/64 ሰከንድ ሲሆን በሰከንድ 60 ፍሬም (ምስል) ከአንድ ፍሬም ያንሳል፤ ማሽኑም ዘለለው ማለት ነው። መጨረሻ ላይ ተጫዋቹ የሳታቸውን ምልክቶች በቀይ፣ ማሽኑ የዘለላቸውን በግራጫ አሳይ። ማብራሪያ አያስፈልግህም።

ሯጩ ምልክቱ ላይ መሆኑን በእኩልነት አትፈትሽ። ባለፈውና በአሁኑ ፍሬም መካከል ስንት ምልክት እንዳለፈ ቁጠር። ግን ተጠንቀቅ፦ መስመሩን የሚያልፍበት ፍሬም ውስጥ ያሉት ምልክቶች ማለቂያ የላቸውም፣ ቆጣሪው ገደብ ከሌለው ጌሙ ይቆልፋል። ዜኖ ሊያሸንፍ የሚችልበት ብቸኛው ቦታ እሱ ነው መሰለኝ። 30 ላይ አቁመው።

ሻይ_ቤት፦
ከሊቀ_ጥያቄ ጋር ነኝ። ጌም ሠሪው ፒፒን ባር በ2011 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው የጥንት ግሪክ ቅጣቶች ጌም ውስጥ የማይደርሰው የዜኖ ሯጭ አለ፤ ያንኑ መድገም ምን ይረባል። የዜኖን ስም ርዕሱ ላይ አታስቀምጥ፣ የሚያውቀው ሰው ሳይጫወት መልሱን ይዞ ይመጣል። ስታስሞክርም አታስረዳ፤ ሲጨርሱ «ምን ሆነ?» ብለህ ብቻ ጠይቅ። «ቁልፉ አይሠራም» የሚል ካለ፣ ሲነካ ወዲያው የሚሰማ ድምፅ አጉድለሃል።

ግማሽ_መንገድ፦
ተባረኩ። 30 ላይ መቆሙን ልደብቀው ወይስ ላሳየው?

ሊቀ_ጥያቄ፦
አሳየው። ከ30ኛው ቀጥሎ ሦስት ነጥብ ሣል።