የአያቴ ወንበር ላይ ቫርኒሹ አልደርቅ አለኝ

ዋንዛ_ወዳጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የእንጨት ነገር የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ አንድ ነገር በሉኝ፣ ላብድ ነው።

አያቴ ከ40 ዓመት በላይ የተቀመጠችበት የዋንዛ ወንበር አለ። መደገፊያው ከፍ ያለ፣ የእጅ ማሳረፊያ ያለው፣ ለብቻ የማይነሳ ከባድ ነገር። ካረፈች በኋላ ጠቁሯል ብሎ ሁሉም ስለተወው እኔ ወሰድኩት። አሮጌውን ቫርኒሽ በብርጭቆ ወረቀት ፋቅኩ። በሻካራው 80 ቁጥር ጀመርኩ፣ ከዚያ 120፣ መጨረሻ ላይ በለስላሳው 220። ያ የዋንዛ መልክ ብቅ ሲል ደስታዬን አልነግራችሁም። አቧራውን በደረቅ ጨርቅ ጠርጌ የዘይት ቫርኒሽ ቀባሁት።

እግሮቹና መቀመጫው በማግስቱ ደረቁ። የመደገፊያው የላይኛው ክፍል ግን ዛሬ 11ኛ ቀኑ ነው፣ ጣቴን ሳሳርፍበት ይዞ ያስቀራል። ደግሞ እዚያ ጋ ቫርኒሹ አልተኛም። ውሃ ቅባት ያለው ሳህን ላይ እንደሚሸሸው እየሸሸ ትንንሽ ክብ ጉድጓድ ሠራ። ሁለተኛ ዙር ደረብኩበት፣ ባሰበት። የእጅ ማሳረፊያዎቹ ላይም እዚህም እዚያም ጉድጓድ አለ፣ እነሱ ግን ደርቀዋል። ቫርኒሹ ተበላሽቶ ነው? ክረምቱ ነው? ወይስ እኔ ነኝ?

ቀለም_በቀለም፦
ክረምቱ ነው እህቴ። ሐምሌ ላይ ቫርኒሽ የሚቀባ ሰው አይቼ አላውቅም ሃሃ። ፀሐይ ስትወጣ ውጭ አድርጊው፣ ካልሆነ ትንሽ ቲነር ቀላቅለሽ ሦስተኛ ደርቢበት፣ የታችኛውን ይዞት ይደርቃል።

የሰፈር_አናጢ፦
ወንድሜ ይቅርታ አድርግልኝና እንዲህ አትምከራት። ያልደረቀ ነገር ላይ መደረብ የታችኛውን አየር መከልከል ነው። የዘይት ቫርኒሽ የሚደርቀው ቲነሩ ስለተነነ ብቻ አይደለም፣ አየር ውስጥ ካለው ኦክስጅን ጋር ተዋህዶ ነው የሚጠነክረው። ላይኛው ቀድሞ ቆዳ ካበጀ የታችኛው እዚያው እንደረጠበ ይቀራል፣ በኋላም ይሸበሸባል።

ብርድና እርጥበት ማድረቁን ያዘገያሉ፣ ልክ ነህ። ግን እግሩም የተቀባው በዚሁ ክረምት ነው፣ ከአንድ ቆርቆሮ፣ በአንድ ቀን። እሱ ደርቆ መደገፊያው ካልደረቀ ችግሩ ሰማይ ላይ አይደለም፣ እንጨቱ ውስጥ ነው።

እህቴ አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ። አያትሽ ፀጉራቸውን ቅቤ ይቀቡ ነበር?

ዋንዛ_ወዳጅ፦
ኧረ በስመአብ። በየሳምንቱ! ቅዳሜ ተቀብታ ነጠላዋን ጣል አድርጋ እዚያው ወንበር ላይ ነበር የምታሸልበው። ራሷ የሚያርፈው በትክክል እዚያ ቦታ ላይ ነው።

የሰፈር_አናጢ፦
በቃ ተገኘ። እኔ ላይ በአንድ ሶፋ የእንጨት ራስጌ ደርሶብኛል፣ ባለቤቷ ገንዘቤን መልስ ብላኝ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የተልባ ዘይት አየር ሲያገኝ ይደርቃል፣ ለዚያ ነው ቫርኒሽ የሚሠራበት። ቅቤ ግን አይደርቅም፣ ስንት ዓመት ቢቀመጥ ቅቤ ነው። 40 ዓመት እንጨት ውስጥ ሲሰርግ የኖረ ቅቤ ከቫርኒሹ ጋር ተለውሶ አላደርቅም ይለዋል። ጉድጓዱም ከሱ ነው፣ ቫርኒሽ ቅባት ላይ አይዘረጋም፣ ይሸሻል። የእጅ ማሳረፊያው ደግሞ የአንቺ ሥራ ነው፣ አትቀየሚኝ። መደገፊያውን የፋቅሽበትን ወረቀት ይዘሽ ወደ እጁ ሄደሻል። ስትፈትጊው ይሞቃል፣ ቅቤው ይቀልጣል፣ ወረቀቱ ተሸክሞ ሌላው ቦታ ያራግፈዋል። መታጠብ ያለበት ከመፋቁ በፊት ነበር።

አሁን መደገፊያው ላይ ያለውን ቫርኒሽ ሙሉ በሙሉ አንሺ። ስላልደረቀ በቲነር ይለሰልስልሻል፣ በስፓቱላ ጥረጊው፣ እንጨቱን እንዳትቧጭሪ። ከዚያ በአኳራጅ፣ ማለትም ቅባትና ቀለም በሚያሟሟው ፈሳሽ፣ እጠቢ። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው፣ አንድ ጨርቅ ይዞ ያሻል፣ ቅባቱን እያዞረ መልሶ ይቀባዋል ማለት ነው። ንጹህ ነጭ ጨርቅ ይኑርሽ፣ በደንብ አርጥቢ፣ ሳይደርቅ በሌላ ደረቅ ጨርቅ አንሺ፣ ጨርቁን ጣይና ሌላ ያዢ። ነጩ ጨርቅ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ። መስኮት ክፈቺ፣ እሳትና ሲጋራ አይቅረብ፣ ቤንዚን ደግሞ በጭራሽ።

ጠልቆ የገባው በዚህ ብቻ አይወጣም። ሽታ የሌለው ታልክ ፓውደር ወይም የተፈጨ ጠመኔ በአኳራጅ ለውሰሽ እንደ ሊጥ አድርገሽ ለጥፊበት። ሲደርቅ ዱቄቱ ቅባቱን እየሳበ ይወጣል። ቦርሺው፣ ድገሚው። ሁለቴ ሦስቴ ሊፈልግ ይችላል። አልቋል ብለሽ ስታስቢ ጠብታ ውሃ ጣይበት፣ እንደ ዶቃ ከቆመ ገና ነው፣ ከሰረገ ደህና።

ከዚያ በኋላም ቢሆን አላምነውም። ቫርኒሹን ከመቀባትሽ በፊት ጎማላካ (በስፒርቶ የሚሟሟ የተፈጥሮ ሙጫ ነው) ስስ አድርገሽ ሁለት ጊዜ አስቀድሚ። የቀረውን ቅባት አፍኖ የሚይዝልሽ እሱ ነው። ለግማሽ ሊትር ስፒርቶ 60 ግራም ይበቃል።

ሜሪላንድ_ያለሁት፦
አናጢው የነገረሽን ሁሉ እደግፋለሁ። እዚህ አሜሪካ ተመሳሳይ ጉድጓድ የገጠመኝ በቅቤ ሳይሆን በሚረጭ የዕቃ ማወልወያ ነው፣ ብዙዎቹ ውስጣቸው ሲሊኮን አለ። ጋራዥ ሴል ላይ የገዛሁት ቡፌ ነበር፣ ሦስት ጊዜ ፋቅኩት፣ ሦስቴም ጉድጓድ። ያዳነኝ ጎማላካ ነው። አንድ ነገር ልጨምር፣ ጎማላካ በተፈጥሮው ሰም አለው። ሰሙ ወደታች እስኪዘቅጥ አሳድሪውና ከላይ የጠራውን ብቻ ቅጂ። በተለይ ላዩ ላይ ፖሊዩሬቴን የሚባለውን ሰው ሠራሽ ቫርኒሽ የምትቀቢ ከሆነ ሰም ያለበትን በደንብ አይዝም፣ ይላጣል።

ዋንዛ_ወዳጅ፦
ተመልሻለሁ። ሦስት ጊዜ ለጠፍኩ። የመጀመሪያው ዱቄት ቢጫ ሆኖ ነው የወጣው፣ ሽታውን ተዉት። ውሃው አሁን ይሰርጋል። ጎማላካውን ስቀባው ግን ጉም የመሰለ ነጭ ነገር ለበሰ። ስፒርቶው ከፋርማሲ የገዛሁት ነው፣ 70 ፐርሰንት ይላል። ቅቤው ነው እንዴ አሁንም?

የሰፈር_አናጢ፦
ኧረ ቅቤውን ተዪው አሁን። 70 ካለ የቀረው ውሃ ነው፣ ውሃ ነው ያነጣብሽ። ለቀለም ሥራ የሚሸጠውን 95 እና ከዚያ በላይ ፈልጊ። የነጣውን አትፋቂው። ከሰዓት በኋላ ደረቅ ሲል በጠንካራው ስፒርቶ እርጥብ ባለ ጨርቅ ቶሎ ብለሽ፣ ሳትጫኚ፣ አንዴ እለፊበት። ይጠራል። ዝናብ እየጣለ አትሞክሪው፣ ቀለም_በቀለም ያለው ክረምት እዚህ ላይ ነው ሥራ ያለው።

ቀለም_በቀለም፦
ተመስገን፣ እኔም አንድ አገኘሁ 😂

ዋንዛ_ወዳጅ፦
ጠራ! ትናንት ከኋላው በኩል መዳፍ የምታህል ቦታ ላይ ቫርኒሽ ሞከርኩ፣ ዛሬ ጠዋት ደርቋል፣ ጉድጓድ የለም። እናቴ መጥታ አፍንጫዋን መደገፊያው ላይ ለጥፋ «የእማማን ጠረን የት አደረስሽው?» ብላ ተቆጣችኝ፣ እሱን እንዴት እንደምመልስ አላውቅም። የእጅ ማሳረፊያውንስ? እሱንም ሙሉ ላንሳው?

የሰፈር_አናጢ፦
የደረቀ ከሆነ አታንሺው። በ320 ጉድጓዱ እስኪስተካከል ቀስ ብለሽ ፍቂ፣ በአዲስ ወረቀት ግን! በአኳራጅ ጥረጊ፣ አንድ ጎማላካ፣ ከዚያ ቫርኒሹን ስስ አድርገሽ። ቫርኒሽ የነካባቸውን ጨርቆች ጠቅልለሽ ጥግ አትጣይ፣ ራሱ ግሎ ይነድዳል፣ ውጭ ዘርግተሽ አድርቂያቸው። ሲያልቅ ፎቶ ላኪ።