ቤታችን ዋሽንግተን አካባቢ ነው፤ የትኛውን ሪጅናል አየር መንገድ ልምረጥ?

ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

ሰላም ለሁላችሁ ወገኖቼ። አገር ቤት ኪው 400 በሚባለው ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላን ላይ ካፒቴን ነበርኩ፤ ጠቅላላ የበረራ ሰዓቴ ከ6,000 ያልፋል። በባለቤቴ በኩል ግሪን ካርድ አግኝቼ አምና መጣሁ። ከፈተናው በፊት የሚወሰደውን የሲቲፒ ኮርስ ወስጄ፣ የጽሑፉንም የሲሙሌተሩንም ፈተና አልፌ፣ እግዚአብሔር ይመስገን የአሜሪካው ኤቲፒ (የአየር መንገድ አብራሪነት) ላይሰንስ እጄ ገብቷል። ዕድሜዬ 44 ነው።

አሁን ሁለት ሪጅናሎች (ለትልልቆቹ አየር መንገዶች በውል አጭር በረራ የሚበሩ ድርጅቶች) ጠርተውኛል። አንደኛው እዚሁ ዋሽንግተን የአብራሪዎች መነሻ ቤዝ አለው፤ የሚሰጠው ቦነስ ግን ትንሽ ነው። ሁለተኛው ቦነሱ ዳጎስ ያለ ነው፣ «በቶሎ ካፒቴን ትሆናለህ» ብሎኛል፤ ቤዞቹ ግን በሙሉ ሩቅ ናቸው። ሪክሩተሩን ስለ ርቀቱ ስጠይቀው «ግማሹ ፓይለታችን እየተመላለሰ ነው የሚሠራው፣ ትለምደዋለህ» አለኝ። ባለቤቴ ነርስ ናት፤ ሁለት ልጆች አሉን። ወረቀቱ እስኪያልቅ ሦስት ዓመት ተለያይተን ኖረናል። እንደገና መለያየት ከብዶኛል። በዚህ መንገድ ያለፋችሁ ምከሩኝ።

ከሄርንደን፣ ቨርጂኒያ

ወንድሜ፣ እንኳን ደህና መጣህ። በዕድሜ ስለምበልጥህ አንተ ብዬ ልጻፍልህ። እዚህ አገር ሪጅናል ላይ አሥራ አንድ ዓመት በርሬያለሁ። ከዚህ ውስጥ አራቱን ቤቴ እዚህ፣ ቤዜ ሌላ ከተማ ሆኖ ነው የሠራሁት።

መጀመሪያ የሚከብደውን ልንገርህ። 6,000 ሰዓትህ በር ያስከፍትልሃል፤ ከገባህ በኋላ ግን ከማንም አያስቀድምህም። እዚህ ሁሉም ነገር የሚወሰነው በሲኒየሪቲ ነው፤ ሲኒየሪቲ የሚቆጠረው ደግሞ ድርጅቱ ከቀጠረህ ቀን ጀምሮ ነው። ካንተ አንድ ሳምንት ቀድሞ የገባ የ25 ዓመት ልጅ ቤዝ ሲመርጥም፣ ፈቃድ ሲጠይቅም፣ ካፒቴን ሲሆንም ይቀድምሃል። በዚያ ላይ የፌዴራሉ ሕግ እዚህ አየር መንገድ ላይ ካፒቴን ከመሆንህ በፊት 1,000 ሰዓት በአሜሪካ አየር መንገድ ረዳት አብራሪ ሆነህ እንድትበር ያዝዛል። አገር ቤት በካፒቴኑ የግራ ወንበር የበረርከው ይህን አይተካልህም። ስለዚህ «በቶሎ ካፒቴን» የሚለውን ቃል ስትሰማ ይህን 1,000 ሰዓት አስታውስ። ላይን (አስቀድሞ የታወቀ የወር ፕሮግራም) ይዘህ ከበረርክ ከአንድ ዓመት ትንሽ ያልፋል፤ ሪዘርቭ ላይ (ሲደወልልህ ብቻ የምትሄድ ተጠባባቂ ሆነህ) ከተቀመጥክ ከዚያም ይረዝማል። ጡረታ በ65 ነው፣ 21 ዓመት አለህ፤ ረጅም ጊዜ ነው፣ አትደንግጥ።

ወደ ቤዙ ልምጣ። ቤዝ ማለት ሥራህ የሚጀምርበትና የሚያልቅበት አየር ማረፊያ ነው። ከቤትህ እስከዚያ ያለው መንገድ በአውሮፕላን ሦስት ሰዓት ቢፈጅም የራስህ ጉዳይ ነው፤ አይከፈልበትም፣ እንደ ሥራ ሰዓትም አይቆጠርም። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ሪፖርት የምታደርግ ከሆነ ከዋዜማው ሄደህ ማደር አለብህ። ሥራህ ማታ 4 ሰዓት ካለቀ ደግሞ የመጨረሻው በረራ ሄዷል፤ እዚያው ታድራለህ። በወረቀት ላይ አራት ቀን የተባለው ሥራ ስድስት ቀን ይሆናል።

እኔ በዚያ አራት ዓመት ውስጥ ክራሽ ፓድ (አብራሪዎች በጋራ የሚያድሩበት ቤት) ላይ አንድ አልጋ ተከራይቼ ነበር፤ ስምንት ሰው፣ አንድ መታጠቢያ ቤት። ጁኒየር (በሲኒየሪቲ ታች) ስለነበርኩ ሪዘርቭ ነበርኩ። አንድ ጊዜ አምስት ቀን ሙሉ ጣሪያ ሳይ ከርሜ አንዴም አልተጠራሁም። ቤቴ ቢሆን ኖሮ እነዚያን አምስት ቀናት ልጆቼን ትምህርት ቤት እያደረስኩ አሳልፋቸው ነበር። አንድ የፋሲካ ዋዜማ ደግሞ ሪዘርቭ ጨርሼ ወደ ቤቴ ልሄድ ስል ሁለት በረራ ሞልቶ አለፈኝ፤ ጀምፕ ሲቱንም (ኮክፒት ውስጥ ያለውን ትርፍ መቀመጫ) ከኔ የሚቀድም ሰው ያዘው። ቤቴ የደረስኩት እሑድ ወደ ማታ ነው። ባለቤቴ ዶሮውን ሳትነካው ጠብቃኝ ነበር፤ ልጆቹ የበዓል ልብሳቸውን እንደለበሱ ሶፋው ላይ ተኝተዋል። ከዚያ በኋላ ነው ያን ሥራ ለቅቄ፣ የሲኒየሪቲ ቁጥሬን ጥዬ፣ እዚህ ቤዝ ባለው ድርጅት ከዜሮ የጀመርኩት። አራት ዓመት ከሰርኩ። አንተ ገና ምንም ሳትከስር ስለጠየቅክ ደስ ብሎኛል።

የድካሙም ነገር ቀላል አይደለም። ፌብሯሪ 12፣ 2009 ከኒውርክ ወደ ቡፋሎ ሲበር የወደቀውን አውሮፕላን ታስታውሳለህ፤ አንተ የምታውቀው ኪው 400 ነበር፣ 50 ሰው አልቋል። መርማሪዎቹ ዋናው ምክንያት የስቶል (ክንፉ አውሮፕላኑን መሸከም ሲያቅተው) ማስጠንቀቂያው ሲመጣ ካፒቴኑ የሰጠው የተሳሳተ ምላሽ ነው ብለዋል። ነገር ግን ረዳት አብራሪዋ ከሲያትል ተነስታ፣ ሜምፊስ ላይ አውሮፕላን ቀይራ፣ ሌሊቱን ስትጓዝ አድራ ነው ኒውርክ የደረሰችው። ካፒቴኑም ቤቱ ፍሎሪዳ ነበር። አየር መንገድ ላይ ለመቀጠር 1,500 የበረራ ሰዓት የሚጠይቀው የዛሬው ሕግና ከሥራ በፊት የ10 ሰዓት ዕረፍት የሚያዘው ደንብ የመጡት ከዚያ አደጋ በኋላ ነው። ደንቡ ግን ከቤት ወደ ቤዝ የምትጓዝበትን ሌሊት አያይልህም። እሱን የምታስተካክለው አንተ ነህ፣ ቤትህን የት እንዳደረግክ በመወሰን።

በኛ አካባቢ ማን አለ? ሬገን አየር ማረፊያ ላይ ፒኤስኤም ሪፐብሊክም ቤዝ አላቸው። ፒኤስኤ የአሜሪካን ኤርላይንስ ንብረት ነው፤ ሲአርጄ የሚባሉ ጄቶችን ብቻ ይበራል፤ ጊዜህን ስትጠብቅ በተራህ ወደ ዋናው አየር መንገድ የምታልፍበት ስምምነት አለው። ሪፐብሊክ ራሱን የቻለ ድርጅት ነው፤ ኢምብራየር 170ና 175 እየበረረ ለአሜሪካንም ለዴልታም ለዩናይትድም ይሠራል። ደለስ አየር ማረፊያ ላይ ደግሞ ለዩናይትድ ባለ 50 መቀመጫ ኢምብራየር 145 የሚበረው ኮሚዩትኤር አለ። አሌክሳንድሪያ ለሚኖር ሰው ሬገን ማለት ደጅ ነው። የኪው 400 ልምድህን እንዳለ የምታሳርፍበት ቦታ እዚህ አልቀረም፤ ሆራይዘን የተባለው ሪጅናል በጃንዋሪ 2023 የመጨረሻዎቹን ካቆመ ወዲህ ለትልልቆቹ የሚበር የአሜሪካ ሪጅናል ኪው 400 የለውም። ስለዚህ የትም ብትገባ አዲስ አውሮፕላን ትማራለህ፤ «የማውቀው አውሮፕላን» የሚለውን ከመምረጫህ አውጣው።

አንድ ነገር ግን እወቅ፤ ቤዝ ርስት አይደለም። ሪጅናሎቹ የሚበሩት በትልልቆቹ ውል ነው፤ የት እንደሚበሩ የሚወስነው ውል ሰጪው ነው። ውሉ ሲዞር ቤዙም ይዘጋል። በኤፕሪል 2020 ኮምፓስና ትራንስ ስቴትስ የተባሉ ሪጅናሎች በአንድ ወር ውስጥ ጠፍተዋል፤ እዚያ የነበረ ሰው ሲኒየሪቲው አብሮ ጠፋ። ለዚህ ነው የአንድ ውል ብቻ ጥገኛ ያልሆነ፣ ወይም በቀጥታ የትልቁ ንብረት የሆነ ድርጅት የምመርጠው።

ቃለ መጠይቅ ስትገባ «ዋሽንግተን ቤዝ አላችሁ?» ብለህ ብቻ እንዳትወጣ። «አላችሁ» ማለት «ለኔ ይደርሰኛል» ማለት አይደለም። ዋሽንግተን ላይ በረዳት አብራሪነት የመጨረሻው ጁኒየር ሰው መቼ እንደተቀጠረ ጠይቅ። ላይን የያዘው የመጨረሻ ሰውስ መቼ ገባ? እዚህ ካፒቴን የሆነው የመጨረሻ ሰውስ? ይህ ሦስተኛው ብዙ ሰው የሚረሳው ነው። ረዳት ሆነህ ቤትህ አጠገብ በደህና ስትሠራ ቆይተህ፣ ካፒቴን ስትሆን በካፒቴኖቹ ዝርዝር ታች ስለምትሆን ሌላ ከተማ ይጥሉሃል፣ እንደገና ሪዘርቭ ትሆናለህ። አንዳንዱ ድርጅት ሰዓትህ ሲሞላ ካፒቴንነቱን ግዴታ ያደርገዋል፤ ግዴታ ካልሆነ አንተ ደስ ባለህ ጊዜ ትወስደዋለህ። የቦነሱንም ውል ከፊርማ በፊት አንብብ፤ ከተባለው ጊዜ በፊት ከለቀቅክ መልሰህ የምትከፍለው ስንት እንደሆነ እዚያ ተጽፏል። ደመወዙ እንኳን ከዱሮው ተሻሽሏል። እኔ ስገባ በሰዓት 30 ዶላር አይሞላም ነበር። በ2022 የአሜሪካን ኤርላይንስ ንብረት የሆኑት ሪጅናሎች የመጀመሪያ ዓመት ረዳት አብራሪን ወደ 90 ዶላር ከፍ ካደረጉ ወዲህ ሌሎቹም ተከትለዋል። ቦነሱ አንድ ጊዜ ይመጣል፤ የክራሽ ፓድ ኪራይ ግን በየወሩ ነው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

እኔ አብራሪ አይደለሁም፤ የአብራሪ ሚስት ነኝ። ወንድሜ፣ ባለቤትዎ ይህን እንድታነበው ያድርጉ።

ባለቤቴ ቤዙ እዚሁ ነው፤ እንደዚያም ሆኖ የመጀመሪያው ዓመት ከባድ ነበር። ሪዘርቭ ሲሆን ከተጠራ በሁለት ሰዓት ውስጥ አየር ማረፊያ መገኘት አለበት፤ ቅዳሜና እሑድ የሚባል የለም። ቅዳሴ ላይ ዩኒፎርሙን መኪና ውስጥ ሰቅሎ፣ ስልኩን በእጁ ይዞ፣ በር አጠገብ ነው የሚያስቀድሰው። ግን ከኛ ጋር ያስቀድሳል። ያልተጠራ ቀን ምሳውን ቤቱ ይበላል፣ የልጁን የሒሳብ ደብተር ያያል። እኔም ነርስ ነኝ፤ የኔን የሌሊት ተራና የሱን ሪዘርቭ የምናስማማው እሑድ ማታ ቁጭ ብለን ነው። ሁለታችንም ሌሊት የምንወጣበት ቀን ስላለ ልጆቹን የሚይዝ ሰው ከሥራው በፊት ያግኙ። እኛ ጎረቤታችን ያሉ አንዲት እናት ባይኖሩ አንችለውም ነበር።

ጃንዋሪ 29፣ 2025 ማታ ሬገን አጠገብ ያ አውሮፕላን ከሄሊኮፕተሩ ጋር ተጋጭቶ 67 ሰው ሲሞት ስልኬ እስከ ሌሊት አላረፈም፤ ሁሉም የሚጠይቀኝ «እሱ የት ነው?» ነበር። ከጎኔ ተቀምጦ ነበር፤ ያን ሳምንት ሪዘርቭ ላይ ነበርና ሳይጠራ ውሎ አምሽቷል። ቤዙ ሌላ ከተማ ቢሆን ያን ሌሊት ብቻዬን ነበር የማድረው። እሱም ቢሆን የሥራ ባልደረቦቹን እያሰበ በሰው አገር ክፍል ውስጥ ብቻውን ያድር ነበር። የቦነሱን ነገር ሲያመዛዝኑ እንዲህ ዓይነቱንም ሌሊት ይቁጠሩት።

ከሴንት ፖል፣ ሚኒሶታ

ከሄርንደኑ ወንድማችን ጋር በአንድ ነገር ብቻ አልስማማም። ቤዝን ወደ ቤት ማምጣት ካልተቻለ ቤትን ወደ ቤዝ መውሰድ ይቻላል። እኔ ቨርጂኒያ ውስጥ አፓርታማ ተከራይቼ ነበር፤ ቤት የመግዛት ተስፋ አልነበረኝም። የዴልታ ንብረት የሆነው ኢንዴቨር ዋና መሥሪያ ቤቱም ቤዙም ሚኒያፖሊስ ስለሆነ ቤተሰቤን ይዤ መጣሁ፤ ዛሬ የራሴ ቤት አለኝ፣ ከአየር ማረፊያው ሃያ ደቂቃ። ሐበሻው ብዙ ነው፣ ቤተ ክርስቲያኑም መስጊዱም እንጀራውም አለ። ዳላስ ላይ ኢንቮይ፣ ዴንቨር ላይ ስካይዌስት፣ አትላንታ ላይ ኢንዴቨር ቤዝ አላቸው፤ በሦስቱም ከተሞች ወገን ሞልቷል።

ባለቤትህ ነርስ ስለሆነች ግን አንድ ነገር ልብ በል። የቨርጂኒያ የነርስ ላይሰንስ በብዙ ግዛቶች ያሠራል፤ ቴክሳስም፣ ኮሎራዶም፣ ጆርጂያም ስምምነቱ ውስጥ ናቸው። ሚኒሶታ አልገባችም። የኔ ባለቤት የዚህን ግዛት ላይሰንስ እስክታወጣ ሳትሠራ ቆይታለች፤ አስቀድመን ብናመለክት ኖሮ አይደርስብንም ነበር። ብርዱንም አልደብቅህም።

ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ትናንት ማታ ከባለቤቴ ጋር ሁለት ጊዜ አነበብነው። የሲልቨር ስፕሪንግ እኅቴ የጻፉትን እሷ ናት ጮክ ብላ ያነበበችልኝ።

ዛሬ ጠዋት እዚህ ቤዝ ወዳለው ድርጅት ደውዬ ሦስቱንም ጠየቅኩ። በረዳት አብራሪነት ዋሽንግተን ላይ የመጨረሻው ጁኒየር ሰው የገባው ከሰባት ወር በፊት ነው። ላይን የያዘው የመጨረሻ ሰው ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ካፒቴን ግን ዋሽንግተን ላይ ለመያዝ አምስት ዓመት ይፈጃል አሉኝ፤ ግዴታ እንደሌለበትም ጠይቄ አረጋግጫለሁ። ሥልጠናውን ስጨርስ መጀመሪያ ሌላ ከተማ ሊጥሉኝ ይችላሉ፣ ከዚያ በተራዬ ወደዚህ እዛወራለሁ ማለት ነው። ከስድስት እስከ ስምንት ወር ብለን አስበነዋል። አምስት ዓመት በረዳቱ የቀኝ ወንበር መቀመጥ ለኔ ቀላል አይደለም፤ ባለቤቴ ግን «ልጁ ያኔ አሥራ አራት ዓመቱ ነው፣ አጠገቡ ሁን» አለችኝ።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። በእነዚያ ስድስት ወሮች ክራሽ ፓድ ከምከራይ በወር ጥቂት ሌሊት ሆቴል ባድር አይሻልም?

ከሄርንደን፣ ቨርጂኒያ

ሪዘርቭ ላይ እያለህ ክራሽ ፓድ ያስፈልግሃል፤ በወር አሥራ አምስት ሌሊት ልታድር ስለምትችል ሆቴሉ ያራቁትሃል። በወር ብቻ የሚከፈል፣ ረጅም ውል የማያስፈርም ፈልግ፤ ዝውውሩ ሲመጣ በማግስቱ እንድትወጣ። ድርጅቱ ኮሚዩተር ፖሊሲ እንዳለውም ጠይቅ፤ ካለው፣ ሁለት በረራ ሞክረህ ሞልቶ ብትቀር አይቀጡህም፤ የሞከርክበትን ማስረጃ ግን ያዝ። የዝውውር ቢድህን (ጥያቄህን) ደግሞ የሥልጠናው የመጀመሪያ ቀን አስገባ፤ ብዙ ልጆች ሥልጠናው እስኪያልቅ ይጠብቁና አንድ ወር ያመልጣቸዋል። የት ከተማ እንደጣሉህ ስታውቅ ጻፍልኝ፤ እዚያ አልጋ የሚያከራዩ የኛን ልጆች አውቃለሁ።