የማኅበራችን ቤቶች የኃይል ቁጠባ ሰርተፍኬት፦ ረቂቁን እንጨርስ

ጸሐፊ፦ የውሳኔ ረቂቁ ለጠቅላላ ጉባኤው ይቀርባል። ኤጅ (EDGE) የሚባለው ሰርተፍኬት በኃይል፣ በውሃና በግንባታ ዕቃ፣ በሦስቱም፣ ከተለመደው ቤት ቢያንስ 20 በመቶ ቁጠባ ይጠይቃል። መጀመሪያ ዲዛይኑ ይታያል፣ ሲያልቅ ደግሞ ቤቱ። ጣሪያ ሳይመታ እንወስን።

ቤት 14፦ ጣሪያው ነጣ ያለ ቆርቆሮ ይሁን የሚለውን ማን ጻፈው? ቀይ ብለን አጽድቀናል።

ቤት 6፦ እኔ ነኝ። ፀሐይ ስለሚመልስ ከአማራጮቹ አንዱ ነው፣ ግዴታ አይደለም። በለገጣፎ ብርድ ዋናው መብራት የሚበላው የውሃ ማሞቂያው ቦይለር ነው። የመብራት ታሪፍ ከመስከረም 2017 ጀምሮ በየሩብ ዓመቱ እየጨመረ ነው።

ቤት 21፦ ነጭ ቆርቆሮ ከሩቅ መጋዘን ይመስላል። ስንት ዓመት ቆጥቤ መጋዘን ልግባ?

ቤት 9፦ ማዶ ያለው ማኅበር ቀይ ነው። እኛ በምን እናንሳለን?

ቤት 14፦ ኮሚቴው ሁሌም በጓሮ ነው የሚወስነው።

ገንዘብ ያዥ፦ በጓሮ? የእያንዳንዷ ሳንቲም ደረሰኝ አለ፣ መጥተህ እይ። ቃልህን አንሳ!

ቤት 21፦ እውነቱን ነው፣ ቀለሙን ማን ጠየቀን?

ቤት 14፦ ስለ ገንዘብ አላልኩም። እሺ፣ አንስቻለሁ። ቀለሙን ግን አልለቅም።

ቤት 3፦ ልጆች፣ ቀለሙን ተዉት እስቲ። የተከራየሁት ቤት ከኮርኒሱ በላይ ባዶ ነው። በኅዳር ሌሊት ቆርቆሮው ከውስጥ ያልበዋል፤ ጠዋት ኮርኒሱ ላይ ቡኒ ክብ ሠርቶ አገኘዋለሁ። ብርድ ልብስ ደርቤም አይሞቀኝም። በአዲሱ ቤት በቆርቆሮውና በኮርኒሱ መሃል ብርድ መከላከያ ይግባልኝ።

ቤት 6፦ እትዬ ልክ ናቸው። ቀይም ሆነ ነጭ፣ ያለ እሱ ዋጋ የለውም።

ጸሐፊ፦ ለሰርተፍኬቱ ዲዛይኑንና ቤቱን የሚያየውን የመርማሪውን ዋጋ አመጣለሁ ያለው ቤት 17 የት ገባ?

ቤት 9፦ ስልኩ ዝግ ነው።

ቤት 21፦ ቆርቆሮውን በጅምላ ብንገዛስ? የፀሐይ ውሃ ማሞቂያውንም አብረን። በተናጠል ከገዛን ነጋዴው ይጫወትብናል።

ገንዘብ ያዥ፦ ይሄ ያስኬዳል። ፕሮፎርማ ከሦስት ቦታ እሰበስባለሁ። የምትገቡ ስም አስመዝግቡ።

ቤት 9፦ እኔን አስገባኝ።

ቤት 3፦ ብርድ መከላከያውም ይጨመር።

ጸሐፊ፦ ረቂቁን አስተካክያለሁ፦ የጋራ ግዢ፣ ቀይ ቆርቆሮ፣ የፀሐይ ማሞቂያ፣ ለፈለገ ብርድ መከላከያ። ሰርተፍኬቱ የመርማሪው ዋጋ ሲታወቅ ይታያል።

ቤት 6፦ ዋናው እኮ እሱ ነበር! ግድግዳው ካለቀ ዲዛይን ላይ ምን ሊታይ ነው?

ቤት 14፦ ቀዩ የትኛው ነው? ደማቁ ከሆነ እፈርማለሁ። የሸክላ መልክ ያለው ከሆነ አልፈርምም።